ስሜት፣ ተግባርና ስም

ባለፈው መንፈቅ በአንድ የሥነ ልቡና ክፍል ውስጥ አንዲት እኅታችን እጅዋን አንሥታ «የሰው ፆታዊ ዝንባሌ ለሁለት የተከፈለ ነው ወይስ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄውን ከራስዋ አላመጣችውም፤ በእጃችን በነበረው የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በምዕራፉ መጨረሻ ላይ ታትሞ የሚገኝ ነው። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ አፏጨ፤ አንዱ «አስተግፊሩላህ» አለ፤ ሌላው አማተበ። ሰዓቱም ደርሶ ነበርና ትምህርቱ በዚያው አበቃ። እኅታችን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ክፍል እጅዋን አንሥታ አታውቅም።

የሣቅነው እኛ ነን። ክፍሉ የትኛው ነው፣ መምህሩስ ማን ናቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ ከዚያ ላይ አይደለም፤ ጥፋቱ የሣቂዎቹ ነው። ተማሪ ከመጽሐፉ ያነበበውን ጥያቄ ሲጠይቅ የሚሣቅበት ቦታ ዩኒቨርሲቲ ሊባል ይችላልን? ይህንን የምንጠይቀው መምህራኖቻችንን ሳይሆን በመጀመሪያ ራሳችንን ነው።

እንግዲህ አምስት ነን፤ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከውርጌሳ። አንዳችን የሥነ ልቡና፣ ሁለታችን የዕፀዋት ሳይንስ፣ አንዳችን የሕግ፣ አንዳችን የሒሳብ ተማሪ ነን። ክረምቱን በየቤታችን ተቀምጠን፣ ኢንተርኔት በተገኘበት ሰዓት ጽሑፎቹን እያወረድን፣ በተራ እያነበብን፣ መርሳ ላይ እየተገናኘን ተከራከርንባቸው። መጽሐፍ ፍለጋ የትም አልሄድንም፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በከተሞቻችን ላይ ባለፈው ጦርነት የተራቆተ የመጻሕፍት መደርደሪያ በአንድ ቀን አይሞላም። ያገኘነውን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እነሆ እናቀርባለን። የምናምነውንም ያልወደድነውንም ሳንደብቅ።

ከቃሉ እንጀምር። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛችን ስንት ቃላት አሉን? አንዱ «ግብረ ሰዶም» ነው። «ግብር» ማለት ሥራ፣ ድርጊት ማለት ስለሆነ ቃሉ የሚናገረው ስለ ተደረገ ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛው «ወንዳገረድ» ነው፤ ይኸኛው ደግሞ የሚናገረው ስለ አረማመድ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ሁኔታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው፣ የሰው ልብ ወደ ማን ይሳባል የሚለው ነገር ግን የራሱ ቃል አልነበረውም። «ፆታዊ ዝንባሌ» የሚለው ሐረግ በቅርቡ ከውጭ ቋንቋ ተተርጉሞ የመጣ ነው። ዳሩ ግን ተርጓሚው፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብ፣ ጥሩ ቃል መረጠ። ዝንባሌ ከ«ዘነበለ» የመጣ ነው። የዘነበለ ዛፍ ትንሽም ይዘነብላል፣ ብዙም ይዘነብላል፤ ነፋስ ሲመታው ዘንበል ብሎ የሚቃናም አለ፣ ከሥሩ ጀምሮ ዘንብሎ የበቀለም አለ። «ሁለት ዓይነት ዛፍ ብቻ አለ፤ ቀጥ ያለና የወደቀ» የሚል ገበሬ በሀብሩ አላጋጠመንም።

ስቴንሲሉን የሚመታልን ወንድማችን እዚህ ላይ ሲደርስ እጁን ከመኪናው አንሥቶ «ይህ ቃል ይመታ?» ብሎ ጠየቀን። ይመታ አልን። የሎጥ ዘመን ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም አለ፤ ቃሉም በአገራችን የወንጀል ሕግ ውስጥ ታትሟል። የእኛ ማባዣ ከነጋሪት ጋዜጣ ይበልጥ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ስለ ሕጉ የሕግ ተማሪዋ እኅታችን ያለችውን በአጭሩ እንናገር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በእስራት ያስቀጣ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 ይህንኑ በእስራት ያስቀጣል። ሁለቱም አንቀጾች የሚናገሩት ስለ ድርጊት ነው። ስለ ዝንባሌ አይናገሩም፤ ስለ ዝንባሌ የተጻፈን ሳይንስ ማንበብና መከራከርን ከቶ አያነሡም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቍጥር 1152/2011 ደግሞ የአካዴሚ ነፃነትን ይደነግጋል። ሕጉ ይለወጥ ወይስ አይለወጥ የሚለውን በዛሬው ጽሑፋችን አንነካም፤ የእኛ ጥያቄ ከዚያ በፊት የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አብዛኛው ሰው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ ይጀምራል። መልካም፤ የፈረንጁን ታሪክ እንይ። ሰዎችን በዝንባሌያቸው ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን ሳይንስ የሚመስል ስም ያወጣው ካርል ማሪያ ኬርትቤኒ የተባለ ጸሐፊ ሲሆን ይኸውም በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ክራፍት ኤቢንግ የተባለው የአእምሮ ሐኪም ነገሩን በበሽታ መዝገብ ውስጥ አስገባው። እንግዲህ «ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ በሽተኛ» የሚለው በየቡና ቤቱ እንደ አባቶቻችን ቃል የምንናገረው ሐሳብ ራሱ ከአውሮፓ ሐኪሞች የተወረሰ ነው። አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ኃጢአት ነበር፤ ኃጢአት ደግሞ ሥራ ነው እንጂ የሰው ዓይነት አይደለም። ከውጭ የመጣውን ሁሉ እንጣል ከተባለ ሳጥኑም ከውጭ የመጣ ነው።

ያንን ሳጥን ሊከፍት የተነሣው አልፍሬድ ኪንሲ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ሥራውም በመጀመሪያ ስለ ሰው አልነበረም። ለብዙ ዓመታት የመረመረው በዛፍ ላይ እባጭ የምታወጣ ትንሽ ተርብ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተርቦችን ሰበሰበ፤ ለካ፤ ደረደረ። ያ ሥራ ያስተማረው በተፈጥሮ ውስጥ ልዩነት ምን ያህል ብዙና ጥቃቅን እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ሰው አዞረና በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ ወንዶች፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ስለ ሴቶች ሁለት ትላልቅ መጻሕፍት አወጣ። ሰውን በሁለት ሳጥን ከመክተት ይልቅ ከ0 እስከ 6 የሚደርስ መለኪያ አበጀ። 0 ላይ ያለው ወደ ተቃራኒ ፆታ ብቻ የሚሳብ ነው፤ 6 ላይ ያለው ወደ ራሱ ፆታ ብቻ፤ 3 ላይ ያለው እኩል። ያነጋገራቸው ሰዎች በሁለቱ ጫፎች ብቻ አልተሰበሰቡም፤ በመካከል በየደረጃው ተገኙ።

የሒሳብ ተማሪው ወንድማችን ግን ወዲያው «ቆይ፣ ማንን ነው የጠየቀው?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኪንሲ ያነጋገራቸው ሰዎች በዕጣ የተመረጡ አልነበሩም፤ እስረኞችና በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ ሰዎች በዝተውባቸው ነበር። ኮክራን፣ ሞስቴለርና ቱኪ የተባሉ ሦስት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በ1954 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጉድለት በመጽሐፍ አውጥተውበታል። ስለዚህ ከኪንሲ የምንወስደው ቍጥሩን ሳይሆን ጥያቄውን ነው። እስካሁን በየመድረኩ የኪንሲን ቍጥር እንደ ወንጌል የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ፤ በእነርሱም ላይ የምንሣቀውን ያህል ብንሥቅ ደግ ነበር።

ቍጥሩን በደንብ የሠሩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመው የኤድዋርድ ላውማንና የባልደረቦቹ ጥናት በመላው አሜሪካ በዕጣ የተመረጡ 3,432 ሰዎችን ጠየቀ። ይህ ጥናት ያደረገው ታላቅ ነገር አንዱን ጥያቄ በሦስት መክፈሉ ነው፦ ልብህ ወደ ማን ይሳባል? ከማን ጋር ተኝተህ ታውቃለህ? ራስህን ምን ብለህ ትጠራለህ? ማለት ስሜት፣ ተግባርና ስም። መልሶቹ አልገጠሙም። ለራሳቸው የተለየ ስም የሰጡት ከወንዶች 2.8፣ ከሴቶች 1.4 በመቶ ነበሩ፤ ወደ ራሳቸው ፆታ በጥቂቱም ቢሆን እንደሚሳቡ የተናገሩት ግን ከዚያ በእጥፍ የሚበልጡ ናቸው። ስሜቱ እያለው ምንም ያላደረገ አለ፤ አድርጎ ስሜቱ የሌለው አለ፤ ሁለቱም እያለው ስሙን የማይቀበል አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የራሳችንን ታሪክ እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛ መካከል ሦስታችን ከአንድ ወንድማችን ጋር በአንድ ዶርም ኖረናል። የት እንደነበረ መናገር አያሻም። ልጁ ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ሲራመድም ክንዱን ወደ ጎን ይጥላል። በሁለተኛው ሳምንት ቅጽል ስም ወጣለት። ያወጣለት ማን እንደሆነ ዛሬ ማናችንም አናስታውስም፤ ማናችንም ግን ጠርተነዋል። ስሙ በበሩ ላይ በከሰል ተጻፈ። ምግብ ቤት ሲገባ ሰልፉ ያንሾካሹክ ጀመር። ሻወር ቤት ሲገባ ሌሎቹ ይወጣሉ። ከመንፈቅ ፈተና በፊት ፍራሹን ጠቀለለና በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄደ። አንዳችን ሻንጣውን ይዘን ሸኝተነዋል፤ «ለምን ትሄዳለህ?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ያ ልጅ ወደ ማን ይሳብ እንደነበረ አናውቅም። ማንንም አልነካም፤ ለማንም ምንም አልተናገረም። እኛ ግን ከአረማመዱ ተነሥተን ስሜቱን ገመትን፤ ከገመትነው ስሜት ተነሥተን ተግባር ጨመርንበት፤ ከጨመርነው ተግባር ተነሥተን ስም ሰጠነው። ከሦስቱ አንዱንም አላየንም። የላውማንን ሰንጠረዥ ባነበብንበት ምሽት መርሳ ላይ አንዳችን ይህንን ልጅ አነሣ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ወደ ምርምሩ እንመለስ። «ይህ በሽታ ነው» የሚለው ሐሳብ እንዴት እንደ ወደቀ ማወቅ ይገባል፤ ብዙ ሰው በሰልፍና በጩኸት ብቻ የወደቀ ይመስለዋልና። ኤቭሊን ሁከር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ ወደ ወንድ የሚሳቡ 30 ወንዶችንና ወደ ሴት የሚሳቡ 30 ወንዶችን ወስዳ የአእምሮ ጤንነት ፈተና ሰጠቻቸው። የፈተናውን ወረቀት ስም አጥፍታ ለታወቁ መርማሪዎች አቀረበችላቸው፤ የቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ይህ የታተመው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከበሽታ መዝገቡ የሰረዘው በ1973 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ክርክሩም ጩኸቱም ነበረ፤ ማስረጃው ግን ከጩኸቱ በፊት 16 ዓመት በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

እንግዲህ ዝንባሌ ደረጃ ደረጃ ካለው፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥስ ይለወጣልን? በዚህ ላይ እኛ አምስታችን ብዙ ተጣላን፤ የሁለቱም ወገን ቸኳዮች የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው። ሊሳ ዳይመንድ የተባለችው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ራሳቸውን ከተለመደው ውጪ የሚያዩ ወጣት ሴቶችን መከታተል ጀመረች፤ በየሁለት ዓመቱ እየደወለች ጠየቀቻቸው። ከ10 ዓመት በኋላ 79ኙ አብረዋት ነበሩ። ከእነዚህም ከሦስት ሁለቱ እጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለራሳቸው የሚሰጡትን ስም ለውጠዋል። ለውጡም በአንድ አቅጣጫ አልሄደም፤ አንዷ ወደዚህ ሌላዋ ወደዚያ፣ ብዙዎቹም «ስም አያስፈልገኝም» ወደማለት። መጽሐፍዋ በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ርእሱም ዝንባሌን እንደሚፈስስ ውኃ የሚመስል ነው።

ይህንን የሰማ አንድ ጓደኛችን «እንዲያ ከሆነማ ይቃናል!» አለ። አይደለም። ዳይመንድ ራስዋ ይህን አተረጓጎም በይፋ ተቃውማለች። ውኃ ይፈስሳል ማለት «ውጣ» ሲሉት ወደ ተራራ ይወጣል ማለት አይደለም። ከሴቶቹ መካከል ለውጡን በፈቃድዋ አዝዛ ያመጣችው የለችም፤ በራሱ ጊዜ መጣባቸው እንጂ። ደግሞም የብዙ ሰው ዝንባሌ ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው ብዙም ሳይነቃነቅ እንደሚኖር ሌሎች ጥናቶች አሳይተዋል።

በግድ ማቃናት ይቻላል የሚለውን ለመደገፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሮበርት ስፒትዘር ጥናት ነው። የሚያስገርመው፣ ይህ ሰው በ1973 እ.ኤ.አ. ነገሩ ከበሽታ መዝገብ እንዲሰረዝ ትልቅ ድርሻ የነበረው ሐኪም ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ግን «ተለውጠናል» የሚሉ 200 ሰዎችን በስልክ አነጋግሮ መለወጥ ለአንዳንዶች ይቻል ይሆናል ብሎ ጻፈ። ዓለም ሁሉ ተጠቀመበት። በ2012 እ.ኤ.አ. ስፒትዘር በእርጅናው፣ ሰዎቹ እውነት መናገራቸውን የሚያረጋግጥበት መንገድ እንዳልነበረው አምኖ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ጥናቱን የሚጠቅሱት ሰዎች ይቅርታውን ሲጠቅሱ አልሰማንም። እኛ ይህንን ሽማግሌ ወደድነው። በትልቅ ዕድሜ «ተሳስቻለሁ» ማለት በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ብዙ የተለመደ አይደለም።

ስሕተቱን ያረመ ሌላም አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሪገር፣ ቺቨርስና ቤይሊ ወደ ሁለቱም ፆታ እንሳባለን የሚሉ ወንዶችን በመሣሪያ ለክተው፣ የሰውነታቸው ምላሽ ወደ አንደኛው ብቻ ያደላል አሉ። ማለት መካከለኛው ደረጃ በወንዶች ዘንድ እውነት አይመስልም አሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ግን ሪገርና ቤይሊ ያሉበት ቡድን ከብዙ ጥናቶች የተሰበሰበ የ474 ወንዶች መረጃ ይዞ መጣና መካከለኛው ደረጃ እንዳለ መሰከረ። በ15 ዓመት ውስጥ የራሱን ቃል የገለበጠ ሳይንስ ደካማ ነው የሚል ካለ፣ የማይገለበጠውን ያሳየን።

የዕፀዋት ሳይንስ ተማሪዎቹ ደግሞ የሚናገሩት አላቸው። በትምህርታችን በመጀመሪያ የምንማረው የሜንዴልን አተር ነው፤ አበባው ነጭ ነው ወይም ሐምራዊ፣ ሁለት ሳጥን። ከዚያ ወደ ማሽላው ስንወርድ ሳጥኑ ይጠፋል። የማሽላ ቁመት፣ እስኪደርስ የሚወስደው ቀን፣ ድርቅ የመቻል አቅሙ በአንድ ዘረ መል አይታዘዝም፤ ብዙዎች ትንሽ ትንሽ ይገፉታል፣ አፈሩና ዝናቡ ደግሞ ይጨምሩበታል። ሲሪንቃ በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የሚደክሙ ሰዎች ይህንን በየክረምቱ ያዩታል። የወሎ ገበሬም ቀይና ነጭ ብሎ አይቆምም፤ «ጅጉርቴ»፣ «ዘንጋዳ»፣ «ወተት በጉንጬ» እያለ ይሰይማል። የመጨረሻይቱን አሜሪካኖች በ1973 እ.ኤ.አ. በላቦራቶር መርምረው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል የበዛባት ሆና አገኟት፤ ስምዋ ግን ጣፋጭነትዋን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ሁለት ስም አይበቃውም።

የሰው ዝንባሌ ከአተሩ ነው ወይስ ከማሽላው? በ2019 እ.ኤ.አ. ጋና የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በብሪታኒያና በአሜሪካ የሚገኙ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን የዘር መረጃ መርምረው ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡ። ሁሉ ሲጠብቀው የኖረው አንድ ዘረ መል አልተገኘም። ከራሳቸው ፆታ ጋር መተኛታቸውን ከተናገሩ ሰዎች ጋር የተያያዙ አምስት ቦታዎች ተገኙ፤ እያንዳንዱ የሚገፋው እጅግ ጥቂት ነው። የዘር ልዩነቶች ሁሉ ተደምረው የሚገልጹት ከልዩነቱ ከ8 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ነው፤ ደም ቀድቶ የአንድን ሰው ዝንባሌ መናገር አይቻልም። እንግዲህ ከማሽላው ነው። ነገር ግን እነዚሁ ሊቃውንት የኪንሲንም መለኪያ ነካ አድርገውታል። ወደ ራስ ፆታ መሳብ ሲጨምር ወደ ሌላው መሳብ በዚያው ልክ የግድ ይቀንሳል የሚለው የአንድ መሥመር ሐሳብ ከመረጃው ጋር በደንብ አልገጠመም። ምናልባት መሥመሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ «ሁሉም ሰው በአንድ ገመድ ላይ ተደርድሯል» እያሉ የሚሰብኩትም ትንሽ ዝግ ይበሉ።

ይህ ሁሉ የተጠናው በእነማን ላይ ነው? በአብዛኛው በአሜሪካኖችና በአውሮፓውያን ላይ። የዘሩ ጥናት የተሠራው ትውልዳቸው ከአውሮፓ በሆነ ሰዎች መረጃ ነው። ስለ እኛ የሚናገሩት ጥቂት ናቸው፤ ጥቂቱ ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ጌትነት ታደለ ከወልድያ ቁልቁል 120 ኪሎ ሜትር በምትገኘው ደሴ ስለ ወጣት ወንዶች፣ ስለ ወሲብና ስለ ኤድስ ያጠኑት መጽሐፍ በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያም በ2010 እና በ2011 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ከወንዶች ጋር ስለሚተኙ ወንዶች ሁለት ጥናቶች አወጡ። ሁለት ኑሮ የሚኖሩ ሰዎችን እናገኝባቸዋለን፤ በቀን አንድ፣ በማታ ሌላ። የአገሩ የኤድስ ትምህርት በየሥዕሉ ወንድና ሴት ብቻ ሲያሳይ ስለ ራሱ አደጋ ያልተነገረው ሰው መኖሩንም እንማርባቸዋለን። ስሜት፣ ተግባርና ስም በአሜሪካ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም ተለያይተው ይኖራሉ ማለት ነው። ኢትዮጵያዊ ምሁር ይህንን ጠይቆ፣ ጽፎ፣ በስሙ ፈርሞ ማውጣቱን ክረምት ሳይገባ ብናውቅ ኖሮ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ባልሣቅን ነበር እንላለን። ምናልባት ራሳችንን እያሞገስን ይሆናል።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ የሆነውን የዞናችን ልጆች ሁላችንም እናስታውሳለን። ቶቶ ቱርስ የሚባል የቺካጎ የጉዞ ድርጅት ደንበኞቹን ወደ ላሊበላ ሊያመጣ ነው ተባለና የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት ተቃውሞ አሰሙ፤ ወሬው በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ ሞላ። ላሊበላ የጸሎት ቦታ ነው፤ የአማኞችን ቅሬታ ቀላል ነገር አናደርገውም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ስለ ተግባሩ የሚያስተምሩትን እናውቃለን፤ በወሎ አብረው የሚኖሩት ሁለቱ ሃይማኖቶች በዚህ ነገር አይለያዩም። እኛ የምናስታውሰው ግን ሌላ ነው። ያን ሰሞን ገና ሁለተኛ ደረጃ የደረስን ልጆች ሳለን ቃሉ በየትምህርት ቤቱ ስድብ ሆኖ ገባ። የቺካጎ ሰው አንድም አላየንም፤ ስድቡ የወደቀው በአጠገባችን በተቀመጠው ልጅ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ትፈልጋላችሁ? የሚለን ይኖራል። በየዶርሙ እየዞረ «አንተ ስንተኛ ቍጥር ላይ ነህ?» የሚል መጠይቅ እንዲበተን አንፈልግም፤ እንዲያውም ይህን የሚያስብ የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ ቢኖር አጥብቀን እንቃወመዋለን። መልሱ በሌላ እጅ ቢወድቅ ሰው ሊታሰር፣ ሊደበደብ፣ በገንዘብ ሊያዝ ይችላልና፣ ምስጢር መጠበቅ የማይችል ተመራማሪ ባይጠይቅ ይሻላል። የምንፈልገው ያነሰ ነገር ነው። ምዕራፉ በመጽሐፉ ውስጥ ካለ ይነበብ፤ ጥያቄው በምዕራፉ ውስጥ ካለ ይመለስ። በክሊኒክ የምታገለግል እኅት ተማሪ ሲያማክራት የሰማችውን ከዚያ በር እንዳታወጣ። በበር ላይ በከሰል የተጻፈ ስም ያየ ሰው ውኃ ይዞ ያጥፋው፤ የተጻፈበት ልጅ ማን ነው፣ ምንድር ነው ብሎ ሳይጠይቅ።

የኪንሲን መለኪያ፣ የሁከርን፣ የላውማንን፣ የዳይመንድን፣ የጋናንና የጌትነት ታደለን ጽሑፎች ዋና ዋና ገጾች በአማርኛ አሳጥረን 30 ቅጂ አባዝተናል። ጽሑፎቹ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ። በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ወልድያ ላይ ተሰብስበን እንወያይባቸዋለን፤ የሒሳብ ተማሪው ወንድማችን በኪንሲ ቍጥሮች ላይ፣ የሕግ ተማሪዋ እኅታችን በሁለቱ አንቀጾች ላይ ይናገራሉ። የሚቃወሙን መምህራንም ቢመጡልን ደስ ይለናል፤ ወንበር ይዘንላቸዋል። ያችን ጠያቂ እኅታችንንም ጠርተናታል፤ እመጣለሁ ብላለች፣ ከኋላ የሚያፏጭ ከሌለ። ከመርሳ የሚመጡ ጓደኞቻችን የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጣቸው እንዲመለሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንጀምራለን።